የጡት ስቴም ሴሎች፣ ጡት ማጥባትና ካንሰርን መከላከል፦ ከአዘዞ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው የተላከው ከአዘዞ ነው። ጠያቂዋ የ29 ዓመት እናት ሲሆኑ የሰባት ወር ልጃቸውን እያጠቡ ናቸው። እናታቸው በ43 ዓመታቸው በጡት ካንሰር አርፈዋል፤ የእናታቸው ታናሽ እህትም በአሁኑ ጊዜ በዚሁ ሕመም ሕክምና ላይ ይገኛሉ። «የጡት ካንሰር የሚነሣው ጡት ውስጥ ካሉት ስቴም ሴሎች ነው የሚል ጽሑፍ አነበብሁ። እንዲህ ከሆነ ሴሎቹን ቀድሞ ማጥፋት አይቻልም ወይ? መውለድና ማጥባት ያጠፋቸዋል የሚሉም አሉ። ደግሞ ስቴም ሴል ያድሳል የተባለ ዱቄት ለመግዛት ገንዘብ እያጠራቀምሁ ነው፤ ልግዛው ወይስ ልተወው?» ይላሉ።

ከመጨረሻው ልጀምር፤ ገንዘብዎን ለዱቄቱ አያውጡ። ተውጦ፣ በሆድ ዕቃ ተፈጭቶ፣ ከዚያም ጡት ውስጥ ያሉትን ስቴም ሴሎች መርጦ የሚያድስ ወይም የሚቀንስ ዱቄት በጥናት የተረጋገጠ የለም። እንዲህ ያለ ነገር ቢኖር እንኳ የእርስዎ ዓይነት የቤተሰብ ታሪክ ላላት ሴት የጡትን ስቴም ሴል ማበርታት የሚመኙት ነገር አይሆንም፤ ለምን እንደሆነ ወደ ታች ሲያነቡ ግልጽ ይሆናል። የቀሩት ሁለቱ ጥያቄዎች ግን በመስኩ ያሉ ተመራማሪዎች ለዓመታት የተከራከሩባቸው ስለሆኑ ሰፋ አድርጌ ልመልሳቸው። አስቀድሜ የምናገረው ይህን ነው፦ ስለ ጡት ስቴም ሴሎች የተገኘው ዕውቀት እስከ አሁን ለእርስዎ የሚሰጠው መድኃኒት የለም፤ ነገር ግን የትኛው የዕድሜ ዘመንና የትኛው ሁኔታ አደጋውን እንደሚጨምር ወይም እንደሚቀንስ ምክንያቱን ያስረዳል፣ ከምክንያቱም ልታደርጉት የሚገባው ነገር ይከተላል።

እዚህ ጎንደር የምሠራው ፓቶሎጂ ነው፤ ከጡት የተወሰደ ናሙና የሚመረመረው እኛ ዘንድ ነው። ናሙናው በፎርማሊን ይቆያል፣ በሰም ውስጥ ይቀበራል፣ ከፀጉር በቀጠነ መጠን ይቆረጥና ሐምራዊና ሮዝ ቀለም ተቀብቶ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ጡቱ ጤናማ ከሆነ በስብና በነጭ ማያያዣ ሥጋ መካከል ተሰባስበው የተቀመጡ ትናንሽ ክቦች ይታያሉ፤ እነዚህ የወተት ቱቦዎችና የወተት ከረጢቶች አግድም ሲቆረጡ የሚሰጡት መልክ ነው። የእያንዳንዱ ክብ ግድግዳ ሁለት ረድፍ ሴሎች አሉት። ወደ ውስጥ፣ ወደ ክፍቱ ቦታ የዞረው ረድፍ በማጥባት ጊዜ ወተት የሚያመርተው ነው። ከእሱ ውጭ የተነጠፈው ረድፍ ደግሞ የመኮማተር ችሎታ ስላለው፣ ልጅዎ ጡትዎን ሲይዝ ከአንጎል የሚለቀቀው ኦክሲቶሲን የተባለ ሆርሞን ይህን ረድፍ ያኮማትረውና ወተቱ ወደ ጡት ጫፍ ይገፋል። የምታጠባ እናት ናሙና ሲሆን መልኩ ፈጽሞ ይለወጣል፤ ስቡ ቦታውን ይለቅና ከረጢቶቹ ተጠጋግተው ሜዳውን ይሞሉታል፣ ሴሎቹም በወተት ስብ ጠብታዎች ተነፍተው ይታያሉ። ልጁ ጡት ከጣለ በኋላ አብዛኛው ይህ ሕንፃ ፈርሶ ጡቱ ወደ ቀድሞው መልኩ ይጠጋል፤ በሚቀጥለው እርግዝና እንደገና ይገነባል።

እንዲህ ደጋግሞ የሚፈርስና የሚገነባ አካል፣ ግንባታውን የሚጀምሩለት ሴሎች በውስጡ ሊኖሩት ግድ ነው። ስቴም ሴሎች የምንላቸው እነዚህን ነው፤ ሲከፈሉ ራሳቸውን የሚተካ ሴል ያስቀራሉ፣ ለሥራ የሚሰማራ ሌላ ሴልም ይሰጣሉ። በስቴም ሴሉና ሥራውን በጨረሰው ሴል መካከል ደግሞ ፕሮጀኒተር የሚባሉ፣ ወደ የትኛው ረድፍ እንደሚሄዱ የተወሰነላቸው ነገር ግን ገና በብዛት የሚከፈሉ ሴሎች አሉ። ይህን ልዩነት ልብ ይበሉልኝ፤ ኋላ ወደ እርስዎ ቤተሰብ ስንመጣ ይፈለጋል። በተለመደው ሐምራዊና ሮዝ ቀለም ስቴም ሴሎቹን ከጎረቤቶቻቸው ለይቼ ላሳይዎት አልችልም፤ የራሳቸው የሆነ መልክ የላቸውም። የሚታወቁት በሚሠሩት ሥራ ብቻ ነው።

ሥራቸውን ማየት የተቻለው በአይጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1959 በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዲኦም የተባለው ተመራማሪና ባልደረቦቹ፣ ገና ካልጎለመሰች አይጥ የጡት ስብ ውስጥ የራሷን የወተት ቱቦ ቆርጠው አወጡና በባዶው ስብ ላይ ከሌላ አይጥ የተወሰደ የጡት ቁራጭ ተከሉ፤ ቁራጩም አድጎ ሙሉ የቱቦ መረብ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2006 በሜልበርን የጄን ቪስቫደርና የጄፍሪ ሊንደማን ቡድን በዚሁ ዘዴ አንዲት ሴል ብቻ ተክሎ፣ ከእሷ ብቻ በእርግዝና ጊዜ ወተት የሚያመርት ሙሉ ጡት እንደሚበቅል አሳየ፤ በዚያው ዓመት በካናዳ ቫንኩቨር የኮኒ ኢቭስ ቡድን ተመሳሳይ ውጤት አወጣ። አምስት ዓመት ቆይቶ በብራሰልስ የሴድሪክ ብላንፔን ቡድን ሴሎቹን ከቦታቸው ሳያነሣ ምልክት አድርጎ ሲከታተላቸው፣ ከውልደት በኋላ ሁለቱን ረድፎች በአብዛኛው የሚጠብቋቸው ለየራሳቸው የተመደቡ ሴሎች እንደሆኑ ገለጸ፤ ክርክሩም ቀጠለ። በእኔ አስተያየት ለመከላከል ጉዳይ ይህ ክርክር የሚመስለውን ያህል አይከብድም፤ ሁሉም ወገኖች ጡት ውስጥ ረጅም ዕድሜ ያላቸውና መከፈል የሚችሉ ሴሎች እንዳሉ ይስማማሉና።

ረጅም ዕድሜያቸው ነው ቁም ነገሩ። ካንሰር በአንድ ቀን የሚመጣ ጥፋት አይደለም፤ በአንድ ሴል የዘር ሐረግ ውስጥ ብዙ የዘረመል ለውጦች በተከታታይ ሲጠራቀሙ የሚፈጠር ነው። ወተት አምርቶ ጡት ሲጣል የሚሞት ሴል ቢበላሽ ብልሽቱ አብሮት ይሞታል። ስቴም ሴል ግን ለዘር እንደሚቀመጥ እህል ነው፤ እሱ ከተበላሸ ጉዳቱ ከእሱ ለሚበቅለው ምርት ሁሉ ይተላለፋል፣ የሚቀጥለው ብልሽትም በዚያው ላይ ይደረባል። ሴሉ በተከፈለ ቁጥር ዘረመሉን ይገለብጣል፣ በመገልበጥም መካከል ስሕተት ይገባል፤ ስለዚህ ብዙ መከፈል ማለት ለስሕተት የተከፈተ ብዙ በር ማለት ነው። የጡትን ስቴም ሴል «የሚያድስ» ዱቄት ቢኖር እንኳ አይመኙት ያልኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ግምት ብቻ እንዳይመስልዎት አንድ ማስረጃ ላንሣ። እ.ኤ.አ. በ1945 በሂሮሺማና በናጋሳኪ ከአቶሚክ ቦምብ የተረፉ ሴቶች ለአሥርት ዓመታት ተከታትለው ተጠንተዋል። በጨረሩ ምክንያት የጡት ካንሰር ጎልቶ የጨመረው ፍንዳታው በልጅነትና በአፍላ ዕድሜ ላይ ባገኛቸው ሴቶች ላይ ነበር፤ ያኔ 40 ዓመት ባለፋቸው ላይ ጭማሪው አነስተኛ ነበር። በይበልጥ የሚያስገርመው፣ ልጆች ሳሉ ጨረር ያገኛቸው ሴቶች ወዲያው አልታመሙም፤ ካንሰሩ የመጣው እንደማንኛዋም ሴት የጡት ካንሰር በሚመጣበት ዕድሜ ሲደርሱ ነው። በወጣትነታቸው ሆጅኪን ሊምፎማ ለተባለ የሊምፍ ካንሰር ደረታቸው ላይ የጨረር ሕክምና በተሰጣቸው ሴቶች ላይም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። በስምንት ዓመቷ የተጎዳ አንድ ሴል ጉዳቱን ይዞ ሠላሳ ወይም አርባ ዓመት መቆየት የሚችለው ረጅም ዕድሜ ያለው የሴል ዘር ሲሆን ብቻ ነው፤ ማስረጃው ከስቴም ሴል አስተሳሰብ ጋር የሚገጥመው እዚህ ላይ ነው። ከዚህ የምንማረው ከመጀመሪያው የወር አበባ እስከ መጀመሪያው ሙሉ እርግዝና ያለው ዘመን ጡት ለጉዳት እጅግ የተጋለጠበት ዘመን መሆኑን ነው። ልጃገረዶች ያለ በቂ ምክንያት የደረት ሲቲ ስካን እንዳይነሡ የምንከራከረውም ለዚህ ነው፤ አስፈላጊ ሲሆን ግን መነሣት አለባቸው፣ ከጥቅሙ ጋር ሲመዘን የአንድ ጊዜ ምርመራ አደጋ ትንሽ ነውና።

እነዚህን ሴሎች ለአደጋ የሚያጋልጠው አንዱ ጉልበት ጨረር ከሆነ፣ ሁለተኛው ጉልበት ሆርሞን ነው። በዚህ ረገድ የተገኘው ነገር ማንም አስቀድሞ ያልገመተው ነበር። የጡት ስቴም ሴሎች ራሳቸው የሴት ሆርሞኖች ለሆኑት ለኤስትሮጅንም ለፕሮጄስትሮንም ተቀባይ (ሆርሞኑን የሚይዝ ፕሮቲን) የላቸውም፤ ሆርሞኑን የሚሰሙት በአጠገባቸው ያሉ ሴሎች ናቸው። እነዚህ ጎረቤቶች ፕሮጄስትሮን ሲደርሳቸው ራንክ ሊጋንድ የሚባል መልእክተኛ ፕሮቲን ይለቃሉ፣ መልእክቱም ስቴም ሴሎቹንና ፕሮጀኒተሮቹን እንዲበዙ ያደርጋቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 በወጡ ሁለት ጥናቶች የአይጥ የጡት ስቴም ሴሎች ፕሮጄስትሮን ከፍ በሚልበት የወር ዑደት ክፍል 14 እጥፍ፣ በእርግዝና አጋማሽ ደግሞ 11 እጥፍ ሲበዙ ታይተዋል። በየወሩ የሚደጋገም ይህ መብዛትና መቀነስ፣ የወር አበባ ቀድሞ ለጀመራቸውና ዘግይተው ላረጡ ሴቶች አደጋው ለምን ከፍ እንደሚል ለመረዳት ይረዳል። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ ካረጡ በኋላ ኤስትሮጅንና ፕሮጄስቲን (ፕሮጄስትሮንን የሚመስል የተሠራ ሆርሞን) አጣምረው በወሰዱ ሴቶች ላይ የጡት ካንሰር መጨመሩ መረጋገጡም ከዚሁ ጋር ይስማማል።

እዚህ ላይ የሦስት ወር መርፌ የሚወስዱ ብዙ እናቶች እንደሚደነግጡ ስለማውቅ ትንሽ ልቆይ። መርፌውም ሆነ በክንድ የሚቀበረው የፕሮጄስቲን ዓይነት ሆርሞን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2023 ከእንግሊዝ የወጣ ትልቅ ጥናት እነዚህን ዘዴዎች በሚጠቀሙ ሴቶች ላይ የጡት ካንሰር ዕድል በንጽጽር ከ20 እስከ 30 በመቶ እንደሚጨምር አመልክቷል። ቁጥሩ ሲታይ ያስፈራል፤ ነገር ግን በወጣትነት ካንሰሩ ራሱ ብርቅ ስለሆነ፣ ባለጸጋ አገሮችን መሠረት አድርጎ ሲሰላ ከ16 እስከ 20 ዓመት ባለው ዕድሜ ለአምስት ዓመት የተጠቀሙ 100,000 ሴቶች በ15 ዓመት ውስጥ የሚኖራቸው ተጨማሪ ታማሚ 8 ያህል ነው፤ ከ35 እስከ 39 ዓመት በተጠቀሙት ላይ ወደ 265 ከፍ ይላል። ባልታቀደ እርግዝና ምክንያት እናቶች በሚሞቱበት አገር መርፌውን በፍርሃት መተው ጉዳቱ ያይላል። እርስዎ ግን የቤተሰብ ታሪክ ስላለዎት፣ በሚቀጥለው የቤተሰብ ዕቅድ ቀጠሮዎ ታሪኩን ለነርሷ ነግረው ሆርሞን ስለሌለበት የመዳብ ሉፕ ቢጠይቁ መልካም ነው። የጡት ካንሰር ራሳቸው የታመሙ ሴቶች፣ አክስትዎን ጨምሮ፣ ሆርሞን ያለበትን የወሊድ መከላከያ መውሰድ የለባቸውም።

አሁን ወደ መውለድና ማጥባት እንምጣ። «ያጠፋቸዋል» የሚለው ትክክል አይደለም፤ ቢያጠፋቸው ኖሮ ሁለተኛ ልጅ የምታጠባ እናት አትገኝም ነበር። ሙሉ እርግዝና የሚያደርገው ሴሎቹን መለወጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተሙ ጥናቶች፣ በወለዱ አይጦች ላይ ስቴም ሴሎቹን ወደ መከፈል የሚገፋው ምልክት መዳከሙ ታይቷል፤ በሴቶችም ላይ ልጅ በወለዱት ጡት ውስጥ ለሆርሞን ምላሽ የሚሰጡ ፕሮጀኒተሮች ካልወለዱት ያነሱ ሆነው ተገኝተዋል። በሕዝብ ደረጃ የሚታየው ውጤትም ይህን ይመስላል፤ ከ30 አገሮች የተሰበሰቡ 47 ጥናቶችን አንድ ላይ አድርጎ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ትንተና የጡት ካንሰር ዕድል በእያንዳንዱ ወሊድ 7 በመቶ፣ በዚያ ላይ ደግሞ በእያንዳንዱ የ12 ወር ማጥባት 4.3 በመቶ እንደሚቀንስ አስልቷል። ስለዚህ ልጅዎን ማጥባትዎን ይቀጥሉ፤ በአገራችን እንደተለመደው ሁለት ዓመት ቢዘልቁ ለልጁም ለእርስዎም ይጠቅማል።

ይህ መልካም ዜና ግን በሁለት ወገን መጠበቅ አለበት። አንደኛ፣ በልጅነት መውለድ ከካንሰር ይጠብቃል ተብሎ ሴት ልጅን ያለ ዕድሜዋ ለመዳር ምክንያት እንዳይሆን እፈራለሁ። በክልላችን ያለ ዕድሜ ጋብቻ ያደረሰውን ጉዳት፣ የፊስቱላን ሥቃይና ከትምህርት ገበታ መቅረትን ጎንደር ውስጥ ለሚኖር ሰው መንገር አያስፈልግም፤ ምንም የካንሰር ቅነሳ ይህን አይክስም። ሁለተኛ፣ የመውለድ ጥቅም ወዲያው የሚመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 የበርካታ አገሮችን መረጃ ያጣመረ ጥናት እንዳሳየው፣ ከወሊድ በኋላ የጡት ካንሰር ዕድል ለጊዜው ይጨምራል፤ ጭማሪው ከወሊድ አምስት ዓመት ገደማ በኋላ ጫፍ ደርሶ ቀስ በቀስ ይወርዳል፣ ጥበቃው የሚጀምረውም ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ጭማሪው በቁጥር ትንሽ ቢሆንም የቤተሰብ ታሪክ ባላቸው ላይ ከፍ ይላል። ጥበቃውም በሁሉም የጡት ካንሰር ዓይነት ላይ እኩል አይደለም፤ በጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ላይ የተደረገ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት ብዙ መውለድ የሆርሞን ተቀባይ የሌለውን ዓይነት እንደሚጨምርና ማጥባት ግን ይህን ጭማሪ እንደሚያካክስ አሳይቷል። ስለዚህ ከሁለቱ መርጦ የሚመከር ነገር ቢኖር ማጥባት ነው።

የቤተሰብዎን ታሪክ ሳነብ በመጀመሪያ ወደ ሐሳቤ የመጣው ብራካ አንድ የሚባለው ጂን ነው። ሥራው የተሰበረ ዘረመል መጠገን ነው፤ በውርስ የተበላሸበት ሰው ጥገናው ይደክምበታል። የተበላሸ ብራካ አንድ የወረሰች ሴት እስከ 80 ዓመቷ በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድሏ 72 በመቶ ያህል እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ትልቅ ክትትል ያሳያል። ለብዙ ጊዜ ካንሰሩ የሚነሣው ከስቴም ሴሉ ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ግን የሜልበርኑ ቡድን እነዚህ ሴቶች በቀዶ ሕክምና ያስወገዱትን ጡት ሲመረምር፣ ከልክ በላይ በዝተው የተገኙት ስቴም ሴሎቹ ሳይሆኑ የውስጠኛው ረድፍ ፕሮጀኒተሮች ነበሩ፤ በቀጣዩ ዓመት በአይጥ የተደረገ ሙከራም ከእነዚሁ ፕሮጀኒተሮች የሚነሣው ዕጢ የሰውን የብራካ አንድ ካንሰር እንደሚመስል አረጋገጠ። ስለዚህ ያነበቡት ጽሑፍ «ከስቴም ሴል ነው» ሲል በግማሽ ትክክል ነው፤ እንደ ካንሰሩ ዓይነት መነሻው ከስቴም ሴሉ አንድ ደረጃ ወረድ ያለው ሴል ሊሆን ይችላል።

ይህ ግኝት የመከላከል በር ከፍቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 ከእነዚህ ፕሮጀኒተሮች መካከል አደገኞቹ ራንክ ሊጋንድን የሚቀበሉት መሆናቸው ሲታወቅ፣ ለአጥንት መሳሳት ሲሰጥ የኖረውና ይህንኑ ፕሮቲን የሚያግደው ዴኖሱማብ የተባለ መርፌ የተበላሸ ብራካ አንድ ላላቸው ሴቶች ካንሰርን ይከላከል እንደሆነ በብዙ አገሮች ሙከራ ተጀመረ። «ሴሎቹን ቀድሞ ማጥፋት አይቻልም ወይ» ላሉት ጥያቄ እስከ አሁን የቀረበው መልስ ይህ ነው፤ ሴሎቹን ማጥፋት ሳይሆን እንዲበዙ የሚደርሳቸውን መልእክት ማቋረጥ። ገና በሙከራ ላይ ያለ ነገር ስለሆነ ማንም ለዚህ ዓላማ ቢሸጥልዎት አይግዙ። በጥናት የተረጋገጠው ሌላ ነው፤ ታሞክሲፈን የተባለው ክኒን አደጋቸው ከፍ ባለ ሴቶች ላይ የጡት ካንሰርን በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ እ.ኤ.አ. በ1998 ታውቋል፤ የሚቀንሰው የሆርሞን ተቀባይ ያለውን ዓይነት ነው። ለሚያጠቡ ግን አይሰጥም፤ የደም መርጋትን የመሰለ የጎን ጉዳትም ስላለው የሚወሰነው ከሐኪም ጋር ነው።

ስለ ስቴም ሴል ሲነበብ የሚደባለቅ አንድ ሌላ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 በሚቺጋን የማይክል ክላርክና የማክስ ዊቻ ቡድን ከሴቶች የተወሰደ የጡት ካንሰር ሴሎችን ለያይቶ በአይጥ ሲተክል፣ ከአንዱ ቡድን 100 ሴሎች ብቻ አዲስ ዕጢ ሲያበቅሉ ከሌላው በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩት ምንም አላበቀሉም። እነዚህ የካንሰር ስቴም ሴሎች ተባሉ። ከጤናማው የጡት ስቴም ሴል ጋር አንድ አይደሉም፤ ዕጢው ከተፈጠረ በኋላ ዕጢውን የሚያቆዩት ናቸው። በኬሞቴራፒ በቀላሉ ስለማይሞቱ ሕመሙ ከዓመታት በኋላ የሚመለስበት አንዱ ምክንያት እንደሆኑ ይታመናል። እነሱን ብቻ የሚገድል መድኃኒት ማግኘት ከባድ የሆነው፣ ሌሎቹ የካንሰር ሴሎች ተመልሰው ወደዚያ ባሕርይ መለወጥ ስለሚችሉ ነው። አክስትዎ ኬሞቴራፒውን ጨርሰው ለዓመታት የሚወሰድ ክኒን ከታዘዘላቸው «ደህና ሆኛለሁ» ብለው እንዳያቋርጡት ይንገሩልኝ፤ ክኒኑ የተሰጠው ለቀሩትና ለማይታዩት ሴሎች ነው።

ለእርስዎ በተግባር የሚሆነውን ልንገርዎት። እናት፣ እህት ወይም ልጅ አንዷ የታመመችባት ሴት አደጋዋ ከሌላዋ 1.8 እጥፍ፣ ሁለት ሲሆኑ 2.9 እጥፍ እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ2001 የ52 ጥናቶች ትንተና አሳይቷል፤ ይህም ሆኖ ከእነዚህ ሴቶች አብዛኞቹ በሕይወት ዘመናቸው ሁሉ ጡታቸውን አይታመሙም። የቤተሰቡን ሐረግ ሲያወጡ የእናትዎን ወገን ብቻ አይጻፉ፤ የተበላሸ ጂን በአባት በኩልም እኩል ይወረሳል፣ ብዙዎች ግን የአባታቸውን እህቶች አይቆጥሩም። የኦቫሪ ካንሰር፣ ወይም የጡት ካንሰር የያዘው ወንድ ዘመድ ካለ እሱንም ይጻፉ። እናትዎ በሽታው የተገኘባቸው በ43 ዓመታቸው ወይም ጥቂት ቀደም ብሎ ከሆነ፣ በተለምዶ የሚመከረው ከዚያ ዕድሜ አሥር ዓመት ቀድሞ፣ ማለትም ከ33 ዓመት ገደማ ጀምሮ በየዓመቱ መመርመር ነው። በእርስዎ ዕድሜ ጡት ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ማሞግራፊ (የጡት ራጅ) ብቻውን ብዙ ሊያመልጠው ይችላል፤ የሐኪም የእጅ ምርመራና አልትራሳውንድ ያስፈልጋሉ። መጠጥን በተመለከተ፣ ጠላም ይሁን ቢራ ወይም አረቄ በቀን 10 ግራም አልኮል፣ ማለትም ከአንድ ትንሽ ጠርሙስ ቢራ ያነሰ መጠን፣ አደጋውን 7 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ እየበዛ ሲሄድም ጭማሪው ያድጋል። ሰውነትን ማንቀሳቀስና ካረጡ በኋላ አለመወፈር ይረዳሉ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን በማጥባት ዘመን የሚወጣ እብጠት ነው። «ወተት ቋጥሮ ነው»፣ «ምች ነው» እየተባለ ወራት ያልፋሉ። ወተት የቋጠረ እብጠት ጡቱ በደንብ ሲጠባና ሲታለብ በቀናት ውስጥ ይለዝባል። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ጠጣር ጓል፣ በአንቲባዮቲክ ያልተመለሰ መቅላትና መወፈር፣ ወደ ውስጥ የገባ የጡት ጫፍ፣ የብርቱካን ልጣጭ መልክ የያዘ ቆዳ፣ ወይም በብብት ሥር የማይጠፋ እብጠት ካለ መታየት አለበት፤ ሕመም አለመኖሩ ማረጋገጫ አይሆንም። አልትራሳውንድም ሆነ በቀጭን መርፌ ናሙና መውሰድ ማጥባትን አያስቆምም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው ግብ ሴቲቱ ለሕክምና ከቀረበችበት ቀን እስከ በሽታው ተለይቶ እስኪታወቅ ከ60 ቀን እንዳያልፍ ነው። ጠበል መጠመቅ የሚሹ እህቶች ይጠመቁ፤ ሱባኤው እስኪያልቅ ብለው ናሙናውን እንዳያዘገዩ ብቻ እለምናለሁ፤ ሁለቱ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሊሆኑ የሚችሉ ነገሮች ናቸውና። ወደ እኛ ከሚመጡት ናሙናዎች ስንቶቹ እብጠቱ ቆዳውን ካቆሰለ በኋላ የተወሰዱ መሆናቸውን ባየሁ ጊዜ የሚሰማኝን ኀዘን መደበቅ አልችልም።

አንድ ነገር ዛሬውኑ ማድረግ ይችላሉ። አክስትዎን የፓቶሎጂ ውጤት ወረቀታቸውን ይጠይቋቸው፤ ቅጂውን ይያዙ። በወረቀቱ ላይ የኤስትሮጅን ተቀባይ፣ የፕሮጄስትሮን ተቀባይና ኸር ቱ (በሴሉ ላይ የሚገኝ፣ እድገትን የሚገፋ ፕሮቲን) የሚሉ ሦስት ውጤቶች ተጽፈው እንደሆነ ይመልከቱ። በአዲስ አበባ በታካሚዎች ላይ የተደረገ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የኤስትሮጅን ተቀባይ ያላቸው መሆኑን አሳይቷልና የአክስትዎም እንዲሁ ሊሆን ይችላል። ሦስቱም ኔጌቲቭ ከሆኑ ግን ከእናትዎ በለጋ ዕድሜ መታመም ጋር ተደምሮ የብራካ አንድ ጥርጣሬ ይጠነክራል፤ የጂን ምርመራው በአገራችን በቀላሉ የሚገኝ ባይሆንም፣ ሲደረግ በመጀመሪያ መመርመር ያለበት የታመመው ሰው፣ ማለትም አክስትዎ ናቸው፤ በእሳቸው ላይ ብልሽቱ ከተገኘ በኋላ እርስዎ ያንኑ ብቻ ተመርምረው አለኝ ወይም የለኝም የሚል ቁርጥ ያለ መልስ ያገኛሉ። ወረቀቱን፣ እናትዎ ሲታመሙ የነበራቸውን ዕድሜና የሁለቱን ወገን የቤተሰብ ሐረግ ይዘው ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይቅረቡ፤ ሕፃኑንም ይዘው መምጣት ይችላሉ።